እናቴ ሳትቆርብ የኖረችበት ምክንያት

ስጽፍ አፌ አይያዝም። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ይሄን ቢያነብ "ይሄ ሁሉ ወሬ ከየት መጣለት?" ማለቱ ስለማይቀር ነው። በአፌ ከሆነ አንዲት "ደህና ዋልክ" ለማውጣት ከንፈሬ ይንቀጠቀጣል፣ የአንገቴ ሥር ይገተራል፣ ዓይኔ ሳላስበው ይጨፈናል። ስገልጠው ሰላም ያለኝ ሰው ሄዷል። አልፈርድበትም፤ በዚህ ሙቀት ማን ፀሐይ ላይ ተገትሮ የእኔን ቃል ይጠብቃል።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። አስፋልቱ ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤት ጎማ እፈታለሁ፣ የተበሳ ከመነዳሪ እለጥፋለሁ፣ ነፋስ እሞላለሁ። ጣርማ በርን ቁልቁል የወረደ ከባድ መኪና እኛ ጋ ሲደርስ ጎማው ግሎ እጅ አያስነካም፤ ስለዚህ ሥራ አይጠፋም። ሹፌሩ ምን እንደሚፈልግ ጎማው ራሱ ስለሚያሳየኝ መነጋገር አያስፈልገንም። ይሄን ሥራ የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ሚስት አላገባሁም። ለምን እንዳላገባሁ የሚጠይቁኝ ሰዎች ደግሞ መልሱን እስከ መጨረሻው ለመስማት ጊዜ የላቸውም።

ከሚስቁብኝ ይልቅ ደሜን የሚያፈሉት የሚያጽናኑኝ ናቸው። "አይዞህ፣ ባሕር የከፈለው ነቢይም እኮ ኮልታፋ ነበር" ይሉኛል። ይሄን ያላለኝ ሰው የለም። ቄሱ ብሎኛል፣ መርጌታው ብሎኛል፣ ጎማ ሊያስለጥፍ የቆመ ሹፌር ሳይቀር ብሎኛል። እሺ፣ ነበር። ለእሱ ግን በእሱ ፈንታ የሚናገር ወንድም ተሰጥቶታል። ለእኔ የተሰጠችኝ እናቴ ናት።

እናቴ የጀመርኩትን ቃል ሁሉ ትጨርስልኝ ነበር። "ው" ካልኩ ውሃ ይመጣል። አስተማሪ ሲጠይቀኝ የምትመልሰው እሷ፣ ሐኪም ጋ ስንሄድ የት እንደሚያመኝ የምትናገረው እሷ። አንዳንዴ ትስታለች። ሽንብራ ልል "ሽ" ስል "ሽሮ ነው ያማረው" ትልና ሽሮ ይቀርብልኛል። እበላለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። እኔ ስይዝ የእሷም ከንፈር አብሮኝ ይንቀጠቀጥ ነበር። የምትቸኩለው አሳዝኛት መስሎኝ ኖሬያለሁ።

"ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ለጠየቀ ሁሉ መልሷ አንድ ነበር። "ወባ ነው፤ ሕፃን ሆኖ ወባ ያዘው፣ ትኩሳቱ ምላሱ ላይ ቀረ" ትላለች። ሰሚውም ከንፈሩን መጥጦ ያምናል። በእኛ አገር ወባ ያልነካው ቤት ስለሌለ ማንም አይጠራጠርም። አንዱ ልጁን ሰጥቷታል፣ አንዱ ጆሮውን፣ እኔ ምላሴን ሰጠሁ። ብዙ ዘመን ከታገልኩ በኋላ ነገሩን ተቀብዬው ነበር። ወባዋን የላከ እግዚአብሔር ነው፣ የላከበትን ምክንያት እሱ ያውቃል፣ እኔ ጎማዬን ልለጥፍ አልኩና ተውኩት። ቢያንስ የተውኩት መስሎኝ ነበር።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስማ የምትጠግብ ሴት አልነበረችም። እሑድ ቅዳሴ አያልፋትም፣ ጾም አታጎድልም፣ በዓል አትሽርም። ግን አልቆረበችም። በእሷ ዕድሜ ያሉ፣ እንደ እሷ ባላቸው የሞተባቸው የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ ቆራቢዎች ናቸው፤ እሷ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ቅጥሩ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ቆማ፣ ሌሎቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ እያየቻቸው ወደ ቤቷ ትመለሳለች። "አንቺስ?" ሲሏት "አልበቃሁም" ትላለች። ሰው ትሕትና ነው ይላል። እኔም ትሕትና ነው እል ነበር።

ከዚያ ታመመች። ሆዷ እያበጠ፣ ፊቷ እየጠቆረ፣ ክንዷ ቆዳ ብቻ እየሆነ ሄደ። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቀን ደብረ ብርሃን ወሰድናት። ጉበቷ ላይ ያለው ነገር ጊዜው አልፎበታል ተባልን፤ ማስታገሻ ሰጥተው ወደ ቤት መለሱን። የምታስታምማት ታናሽ እህቴ ነበረች። እህቴ አጣዬ ውስጥ የነበራት ሱቅ በእሳት ካለቀ ወዲህ እናቴ ጋ ነው የምትኖረው። እኔ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ቀን ደግሞ ለምሳ እሄዳለሁ።

የነፍስ አባታችን ከጣርማ በር ወዲያ ካለው ደጋ የመጡ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ቆላ ብዙ ዘመን ቢኖሩም ሙቀቱን አልለመዱትም። ቤታችን ሲገቡ መጀመሪያ ጥምጣማቸውን አውልቀው ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ "ወይ አገር" ይላሉ፣ መስቀል የሚያሳልሙን ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን እህቴንና እኔን ደጅ አስወጥተው ከእናቴ ጋር ብቻቸውን ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል። "እናትህ ሳትቆርብ እንዳትሄድ እፈልጋለሁ" አሉኝ። "ግን መጀመሪያ ካንተ ጋር መታረቅ አለባት።" ምን ተጣላን ልል "ም" ላይ ስያዝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "እሷ ትንገርህ" ብለውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ነገረችኝ። እህቴ ገበያ ወጥታ ነበር። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየፈተለች፣ ፊቴን ሳታይ ጀመረች።

"አፍህን የያዘው ወባ አይደለም" አለችኝ።

የነገረችኝ ይሄን ነው። ሕፃን ሳለሁ አፌ የሚዘጋ አልነበረም። የሰማሁትን ሁሉ ለሰው አወራለሁ። ያኔ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። አባቴ የከባድ መኪና ረዳት ስለነበር ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እናቴ እህቴን አርግዛለች። የቤቱ ባለቤት አንዲት ኃይለኛ ሴት ነበረች፤ እናቴ ለጎረቤት ያማቻትን ሰምቼ ሄጄ ለሴትየዋ አንድም ሳላስቀር ተረክኩላት። ሴትየዋ ዕቃችንን አውጥታ ደጅ ጣለችው። የቀትር ፀሐይ ነው። እናቴ ሆዷ ገፍቶ፣ ድስትና ፍራሽ መሐል ቆማ፣ እኔ አሁንም አላፊ አግዳሚውን ይዤ ነገሩን አወራለሁ። ይሄን ጊዜ ክንዴን ያዘችኝና "ይሄ አፍህ ይያዝ" አለችኝ። "ምላስህ ይተሳሰር፤ ሰው ፊት አይፈታልህ።" ወባው የያዘኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ከትኩሳቱ ስነሳ የመጀመሪያው ቃሌ ከአፌ አልወጣም።

"የእኔ ቃል ነው" አለች። "ወባ የምለው ለሰው ነው። ለነፍስ አባቴም እስከ ትናንት አልተናዘዝኩም። እንዲህ ያለ አፍ ይዤ እንዴት ሥጋ ወደሙ እቀበላለሁ? ይቅር በለኝ ልጄ።"

አላዘንኩላትም። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ደሜ ነው የፈላው። ከእግዚአብሔር እጅ ተቀብዬዋለሁ ብዬ እንደ ምንም ቦታ አስይዤው የነበረ ነገር፣ የአንዲት የተናደደች ሴት ስድብ ነው አለችኝ። ክፍል ውስጥ ተነስቼ ስንተባተብ የተሳቀብኝ፣ ሽማግሌ የላክሁባት ልጅ ፊቴን አይታ ወደ ጓዳ የገባችው፣ አባቴ ሲቀበር አንድ ቃል ሳልናገር የቆምኩት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ተነስቼ ወጣሁ። 

ሥራ ቦታዬ አጠገብ፣ በሸራ ጥላ ሥር ሐብሐብና ማንጎ የሚሸጡ አንድ አርጎባ ሽማግሌ አሉ። አባባ ነው የምላቸው። ዙህርን ሰግደው ሲመለሱ ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ለምንም ነገር አይቸኩሉም። በዚህ ከተማ የጀመርኩትን እስክጨርስ የሚጠብቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ያን ቀን ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጥላው ከእግራችን ሸሽቶ ነበር።

"አብሽር" አሉኝ መጀመሪያ። ቀጥለው ግን "የእናት ዱዓ ትደርሳለች፣ ልጄ። ዋሽቼ አላጽናናህም" አሉ።

ይሄን ስሰማ ብሶብኝ ተቀመጥኩ። ክፉዋ ዱዓ ከደረሰች ከዚያ ወዲህ እናቴ ያለቀሰችው፣ የጾመችው፣ የለመነችው ሁሉ ለምን ሳይደርስ ቀረ ብዬ ጠየቅኳቸው። እሱም የእናት ዱዓ ነው። ሽማግሌው ማኘካቸውን አቁመው አስፋልቱን ሲያዩ ቆዩ። የሽንኩርት መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ። "ወላሁ አዕለም" አሉኝ። "ይሄንን እኔ አላውቀውም።" አለማወቃቸውን መናገራቸው ደስ አለኝ።

ለምሳ አልሄድኩም ነበርና ወደ ማታ ገደማ ሄድኩ። እናቴ ከተውኳት ቦታ አልተነቃነቀችም። እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባላት ብሎ እህቴ ጎኑን በምላጭ ቀድዳላታለች። ያን ጫማ ሳይ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ የረገመችኝ ሴት ታየችኝ፤ የዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ከዛሬዋ እህቴ ዕድሜ ያነሰ ነው። ባሏ የለ፣ ቤት የለ፣ ሆዷ ገፍቷል፣ አጠገቧ ወሬ የማይደክመው ልጅ አለ። እኔም ብሆን እረግማለሁ። ንዴቴ እዚያው በረደ። ጉልበቷን ስሜ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። "ይቅር" የሚለውን ቃል ግን አላልኩትም። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የነፍስ አባታችን ግን በልቅሶ አላለቀም አሉ። "ይቅርታ በአፍ ይነገራል" አሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። "በሰማችው ቃል ነው የምታርፈው።" እናቴን አልጋዋ ላይ ቀና አድርገን አስቀመጥናት። እኔ ፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ፣ እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው መሐል ቆሙ። እናቴ "ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ" አለች።

"ይ" አልኩ። "ይ... ይ..." አንገቴ ተገተረ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለች እናቴ፣ በእኔ ፈንታ። ልማድ ነው፣ አመለጣት።

"ኧረ ተይ እንጂ" አሏት ቄሱ። "አንቺው ለራስሽ ይቅር ልትይ ነው?" እህቴ በዚያ ሐዘን መሐል ሳቋ አመለጣት፤ እኔም ስቄ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ አፏ ላይ ያዘች። እንደገና ጀመርኩ። አሁንም ያዘኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የሚንቀጠቀጠውን ከንፈሬን በእጄ ያዝኩት። ላቤ በአፍንጫዬ ላይ ይወርዳል፣ ደጅ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማኛል። በመጨረሻ ቃሉ ተሰባብሮ፣ አንዱ ፊደል ከሌላው ተነጥሎ ወጣ። ይቅር አልኳት። ከልቤ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ ሆኖ የወጣ ቃል አላስታውስም።

ቄሱ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው ፈቷት። "በሉ እንግዲህ፣ እሑድ አምጧት" አሉን።

እናቴ ግን ዓይኗን ከአፌ ላይ አላነሳችም። ቄሱ ሲወጡ ጠብቃ "እስቲ ሌላ ነገር ተናገር" አለችኝ። ምን ልናገር? "ደ... ደ..." ብዬ ደህና ነሽ ወይ ልላት ስል ተያዝኩ፣ እንደ ሁልጊዜው። ፊቷ ጥቁር አለ። ያኔ ነው የገባኝ። እናቴ የጠበቀችው ይቅርታውን ብቻ አልነበረም። ይቅር ያልኳት ዕለት እርግማኑ ይነሳል፣ ምላሴ ይፈታል ብላ ነበር የምታምነው።

"ከአንገት በላይ ነው ያልከኝ" አለችኝ።

አይደለም ብዬ ልማልላት ስል ያዘኝ። የያዘኝ ነገር ደግሞ ለእሷ ማስረጃ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት በገባሁ ቁጥር "እስቲ ተናገር" ትለኛለች። እናገራለሁ፣ እንተባተባለሁ፣ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። አልፈርድባትም እያልኩ እናደዳለሁ፤ እየተናደድኩ ደግሞ አዝንላታለሁ። እህቴ ደጅ ጠብቃ "ጋሼ፣ እባክህ ትንሽ ረጋ ብለህ ሞክር" ትለኛለች። እንደ እሷ ከሆነ እስከ ዛሬ የተንተባተብኩት ቸኩዬ ነው።

ቄሱ ተጠርተው መጡ። "ልጄ፣ ይቅርታ ሌላ፣ የአፍ መፈታት ሌላ ነው" ብለው አስረዷት። "አንቱ ደግ ስለሆኑ ነው አባቴ" አለቻቸው። "ይቅር ብሎኝ ቢሆን ይፈታ ነበር። እንዲህ ሆኜ አልቆርብም፤ እሳት ነው የምበላው።" ተቆጡ፣ ለመኑ፣ አልሆነም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው "ማስገደድ አልችልም" አሉኝ። የመጀመሪያው እሑድ ሳትቆርብ አለፈ። ሰውነቷ እየተንጠፈጠፈ ነበር፤ ሁለተኛ እሑድ እንደማይኖራት እየፈራን ነው የምንውለው። ሞትን አልፈራችም፤ የምትፈራው የተረገመች ሆና መሄድን ነው። በሕልሟ ከቤተ ክርስቲያን በር ሲመልሷት እያየች ትባንን ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ቀትር ላይ ገባሁ። እህቴ ሾርባ አቀረበችላት፣ አልቀመሰችም። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና "እስቲ ተናገር" አለች።

ተናገርኩ። እዚህ ላይ ቀጥ አድርጌ ነው የምጽፈው እንጂ ሲወጣ እንዲህ አልነበረም። በየቃሉ ተይዣለሁ፣ ምራቄ ተረጭቷል፣ አልጋውን ይዤ አናውጬዋለሁ። እህቴ ልትይዘኝ ተነስታ ነበር።

"አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው፣ እማዬ?" አልኳት። "አንድ ቀን ተናደሽ ያልሽውን እግዚአብሔር ሰማሽ እንበል። ከዚያ ወዲህስ? ስንት ሱባኤ ገባሽ? ስንት ጸበል ይዘሽኝ ሄድሽ? በየቅዳሴው ደጅ ቆመሽ ያለቀስሽው የት ገባ? ክፉሽን አንዴ ሰምቶ ደጉን ዕድሜ ልክሽን እምቢ አለ? እንዲህ ያለ አምላክ ነው የምታመልኪው?"

አፏን ከፈተች። በእጄ አስቆምኳት።

"እኔስ ለምኜው የማላውቅ መሰለሽ?" አልኩ። "ተቀብዬዋለሁ የምለው ለሰው ነው። ሳልለምነው ያደርኩበት ቀን የለም። አንድ ጎማ በከፈትኩ ቁጥር፣ አንድ ሰው ሰላም ባለኝ ቁጥር ለምኜዋለሁ። እምቢ ያለኝ እሱ ነው። አንቺ አይደለሽም። ያንቺ ቃል ምን ጉልበት አለው? እኔን ለመዝጋት የደረሰ ቃልሽ ለመክፈት ለምን አልደረሰም? አልረገምሽኝም፣ እማዬ። ድሃ ነበርሽ፣ ደክሞሽ ነበር፣ አፍሽ ያመጣልሽን አልሽ። በቃ።"

ጨረስኩ። ሸሚዜ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። እህቴ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ ታለቅሳለች። እናቴ አንድም ቃል ሳትጨርስልኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እንደዚያ ስትሰማኝ የመጀመሪያዋ ነው።  ከዚያ ሕፃን ልጅ እንደሚጠይቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ታዲያ ማነው? እኔ ካልሆንኩ ማነው?"

"እ... እንጃ" አልኳት። 

እንባዋ ወረደ። ፊቷ ላይ ግን እንደ ሰሞኑ ያለ ፍርሃት አልነበረም። እህቴን ጠርታ "ነጠላዬን እጠቢልኝ፤ ነገ እሄዳለሁ" አለቻት።

እሑድ በባጃጅ ወሰድናት። ከቅጥሩ በር ጀምሮ ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸከሟት። ኒሙን አልፋ፣ በሴቶች በር ስትገባ ከኋላ አየኋት፤ ጭንቅላቷ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል። ቆረበች። ሲያወጧት አፏን በታጠበው ነጠላ ሸፍና ነበር። ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም፤ የቆረበ ሰው አይናገርም። በማግስቱም ብዙ አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ በነበሯት ጥቂት ቀናት "እስቲ ተናገር" ብላኝ አታውቅም። እኔ ስያዝ ከንፈሯ መንቀጥቀጡን ትቷል፤ ዝም ብላ ታየኛለች። ማስታገሻውን እንኳን የምትጠይቀው አልፎ አልፎ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እህቴ ፊቷን ልታብሳት ስትጠጋ አርፋለች።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ "የታደለች" አለ። ቆርባ፣ ታርቃ፣ በአልጋዋ ላይ፣ ልጆቿ እያሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም የታደለች እላለሁ። የማይረባ ሸክም ተሸክማ ኖራ፣ አውርዳው ሄደች። ያወረድኩላት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በዚህ የሚያፍር ልብ የለኝም።

የማልነግራቸው ሌላው ነው። ወባ እያለ ወባን እከስ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ እናቴን ከሰስኩ። እሷን ነጻ ለማውጣት ያን ቅዳሜ የተናገርኩትን የሰማችው እሷ ብቻ አይደለችም፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። ለራሴ እንኳን ብዬው የማላውቀው ነገር ነበር። ክሱን አላነሳሁትም፣ ከእሷ ላይ ወደ ላይ ነው ያዞርኩት። ከእናቴ ጋር መታረቅ ይቻል ነበር፤ አብጦ ጫማ እንቢ ያለ እግር ነበራት፣ ሳየው አዘንኩላትና አለቀ። እላይ ላለው ግን ምን አይቼ ልዘንለት?

አርባዋ ከወጣ በኋላ የነፍስ አባታችን ጎሚስታ ቤቴ ድረስ መጡ። ክሪክ ላይ የቆመ መኪና ሥር ነበርኩ፤ ወጥቼ እጄን ጠርጌ መስቀል ተሳለምኩ። ተራው የአንተ ነው አሉኝ፤ ንስሐ ገብተህ ቁረብ፣ እናትህም ደስ ይላታል። ለማንኛውም ሰው እንደሚያደርጉት መጀመሪያ የሚጠየቀውን ጠየቁኝ።

"ከሰው ጋር የተጣላኸው አለ?"

"ከ... ከሰው የለም" አልኳቸው።

ጥምጣማቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ። ወደ ሰማይ ቀና አላሉም፣ አልተቆጡኝም፣ ስለ ነቢዩም አላነሱብኝም። ያልኩት የገባቸው ይመስለኛል።

"እንግዲያው ታረቅና ና" አሉኝ።

እስካሁን አልሄድኩም።